በላፕቶፕ የሰርግ ቪዲዮ ኤዲት ማድረግ፦ ከካርድ እስከ ፍላሽ

ጥር የእኛ የመከር ወር ነው። የነቢያት ጾም በገና ይፈታል፤ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ባሉት ጥቂት ሳምንታት ከተማው ሁሉ ይሞሸራል። እኔ ካሜራ አልይዝም። ካሜራማኖቹ ሰኞ ጠዋት ካርዳቸውን በፌስታል ቋጥረው ያመጡልኛል፤ ከዚያ በኋላ ያለው የእኔ ነው። ጎፋ፣ እናቴ ግቢ ውስጥ፣ ሦስት በአራት የሆነች ክፍል፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ላፕቶፕ። ዴስክቶፕ የለኝም። ኖሮኝም አያውቅም።

«ለኤዲቲንግ የቱን ላፕቶፕ ልግዛ?» የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። መልሴ ብዙዎችን አያስደስትም። ቪዲዮው የሚጎተተው፣ ፕሮግራሙ ሃንግ የሚያደርገው፣ ሌሊቱን ሙሉ ሬንደር ሲያደርግ (የተቆረጠውን ወደ አንድ ያለቀ ቪዲዮ ሲያወጣ) አድሮ ጠዋት «ፌይልድ» ብሎ የሚጠብቃችሁ አብዛኛውን ጊዜ ማሽኑ ደካማ ሆኖ አይደለም። ያልተዘጋጀ ፋይል ጭነንበት ነው። መካከለኛ ላፕቶፕ በደንብ ከተዘጋጀለት ባለ ሁለት ካሜራ የፎርኬ (4K) ሰርግ ሳያጉረመርም ይጨርሳል። ስለዚህ ስለ ግዢው ትንሽ እላለሁ፣ ስለ ዝግጅቱ ብዙ።

ሱቅ ውስጥ

የመጀመሪያው ላፕቶፔ ላይ «ኮር አይ7» የሚል ተለጣፊ ነበር። ሻጩ ደጋግሞ ወደ ተለጣፊው ይጠቁማል። ቤት ገብቼ አንድ የፎርኬ ክሊፕ ስከፍት ምስሉ እንደ ስላይድ ሾው እየተቆራረጠ ሄደ። ከፕሮሰሰሩ ቁጥር መጨረሻ ያለችውን ፊደል ማንበብ የተማርኩት ከዚያ ወዲህ ነው። ዩ ከሆነች ማሽኑ የተሠራው ባትሪ ለመቆጠብ ነው። ኤች ከሆነች ለከባድ ሥራ ነው። ያገለገለ ላፕቶፕ ስትገዙ ይህቺ ፊደል በአይ5 እና በአይ7 መካከል ካለው ልዩነት ትበልጥባችኋለች።

አሁን የምሠራበት ከዱባይ የመጣ የጌም ላፕቶፕ ነው፤ «ስላይትሊ ዩዝድ» የሚሉት። ኤች ፕሮሰሰር፣ 6 ጊጋ ሚሞሪ ያለው አርቲኤክስ 3060 ግራፊክስ ካርድ፣ ስገዛው 16 ጊጋ ራም ነበረው። ራሙን በኋላ 32 አደረስኩት። በ16ም ሠርቻለሁ፤ ግን ክሮምና የምቆርጥበት ፕሮግራም፣ ዳቪንቺ ሪዞልቭ፣ አብረው ሲከፈቱ አንዱ ሌላውን ያንቃል።

ስትሄዱ የፎርኬ ክሊፕ በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ። ሱቁ ውስጥ አስር ደቂቃ አጫውቱት፤ ማራገቢያው እንዴት እንደሚጮህ አዳምጡ። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጫኑ፤ ታስክ ማናጀር ይከፈታል። «ፐርፎርማንስ» የሚለው ውስጥ የግራፊክስ ካርዱ ትክክለኛ ስም አለ። ሚሞሪው ጋ ደግሞ ስንት የራም ቦታ እንዳለውና ስንቱ እንደተያዘ ይጽፋል። «1 ከ2» ካለ ደስ ይበላችሁ፤ ነገ ራም መጨመር ትችላላችሁ። ቻርጀሩንም ገልብጣችሁ ዋቱን አንብቡ። የእኔ 230 ዋት ነው። ኦሪጅናሉ ጠፍቶ ደካማ ቻርጀር የተሰጠው ላፕቶፕ ሥራ ሲበዛበት ተሰክቶም ባትሪው ይወርዳል። ሻጩ «ይበቃል እንግዲህ» ብሎ ቢቆጣ ይቆጣ።

ማክ የሚወድ ካለ፣ ከ2020 መጨረሻ ወዲህ የመጡት የኤም ቺፕ ያላቸው ለዚህ ሥራ ድንቅ ናቸው። ሁለት ነገር ብቻ እወቁ። ራማቸው በኋላ አይጨመርም፤ ስለዚህ ባለ 8 ጊጋውን ለዚህ ሥራ አትግዙ። ኤር የሚባለው ደግሞ ማራገቢያ ስለሌለው ረጅም ሬንደር ላይ ይሞቅና ይዘገያል።

ፕሮግራሙን በተመለከተ እኔ ዳቪንቺ ሪዞልቭ ነኝ። ነፃው ቅጂ እስከ ፎርኬ ያወጣል፤ በየወሩ በዶላር የሚከፈልበት ካርድ ፍለጋ ዘመድ አላስቸግርም። የሚከፈልበት «ስቱዲዮ» 295 ዶላር አንዴ ተከፍሎ ያበቃል። ነፃው የማይሰጣችሁ ነገር አለ፤ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በጨለማ የተቀረጸ ምስል ላይ የሚርመሰመሰውን ብናኝ የሚያጠፋው መሣሪያ አንዱ ነው። ሌላው፣ አዳዲሶቹ ካሜራዎች የሚቀርጹትን 10 ቢት 4:2:2 የሚባል፣ ብዙ የቀለም መረጃ የያዘ ፋይል ዊንዶውስ ላይ ያለው ነፃ ቅጂ አይወደውም። ከአዲስ ካሜራማን ሥራ ከመቀበላችሁ በፊት አንድ ክሊፕ አስልካችሁ ክፈቱ። ሰርጉ ካለፈ በኋላ ማወቅ ከባድ ነው።

ዲስክ

ሂሳቡን እንሥራ። የብዙዎቹ ካሜራዎች ፎርኬ በሰከንድ 100 ሜጋቢት ነው። በሰዓት 45 ጊጋባይት ማለት ነው። ሁለት ካሜራ እያንዳንዳቸው አራት አራት ሰዓት ቢቀርጹ 360 ጊጋባይት ሆነ፤ መልሱ ገና አልመጣም። ይህን ሁሉ የላፕቶፑ ውስጥ ዲስክ ላይ ማፍሰስ አይሆንም።

የእኔ አደረጃጀት ይኸው። የላፕቶፑ የራሱ ኤስኤስዲ (ፈጣኑ ዲስክ) ላይ ዊንዶውስ፣ ሪዞልቭና ካሽ (ፕሮግራሙ ለጊዜው የሚያስቀምጣቸው ፋይሎች) ብቻ። በኬብል የሚሰካ 2 ቴራ ኤስኤስዲ ላይ የዚህ ሳምንት ሥራ። ርካሹ ሃርድ ዲስክ ላይ ሁለተኛው ኮፒ። ሃርድ ዲስኩ ለማስቀመጫ ነው እንጂ ለመሥሪያ አይሆንም።

ኬብል አትናቁ። ለስልክ ቻርጀር የመጣ ታይፕ ሲ ኬብል ፋይል የሚያሳልፈው በአሮጌው ዩኤስቢ 2 ፍጥነት ሊሆን ይችላል፤ በሰከንድ 40 ሜጋባይት ቢሄድ ነው። ያ 360 ጊጋባይት ሁለት ሰዓት ተኩል ይፈጃል። ከኤስኤስዲው ጋር በመጣው ኬብልና በደህና ካርድ ሪደር ግን ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም። እኔ የዲስኩን ኬብል ቀይ ፕላስተር ለጥፌበታለሁ፤ ቤተሰብ ለስልክ እንዳይወስደው።

ካርድ መገልበጥ

እዚህ ላይ ራሴን ላጋልጥ። የሶኒ ካሜራ ካርድ ስትከፍቱ «ፕራይቬት» የሚል ፎልደር አለ፣ ውስጡ «ኤም4ሩት»፣ ውስጡ «ክሊፕ»። ፋይሎቹ ሲ0001፣ ሲ0002 እያሉ ይቀጥላሉ። ሁለት ሶኒ ካሜራ ካለ ሁለቱም ጋ ሲ0001 አለ ማለት ነው።

አንድ ሰኞ፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ፣ የሁለተኛውን ካርድ ክሊፖች የመጀመሪያው ወዳለበት ፎልደር ጎትቼ ጣልኩ። ዊንዶውስ ጠየቀኝ። «ሪፕሌስ» አልኩት። ስነቃ ሙሽራው ቤት የተቀረጸው የለም። ጭፈራው፣ ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው፣ አባቱ ሲመርቁት፣ ሁሉም ቦታ ላይ ሙሽራዋ ሜካፕ ትቀባለች። ካሜራማኑ ጋ ስደውል ለሌላ ሰርግ ቢሾፍቱ መንገድ ላይ ነበር። «ካርዱ ኪሴ ነው፣ አልነካሁትም» አለኝ። መሬት ላይ ቁጭ አልኩ።

ከዚያ ወዲህ ሕጌ አይናወጥም። ለእያንዳንዱ ካርድ የራሱ ፎልደር፣ በስሙ፦ ቀን፣ ቦታ፣ ካሜራ ሀ ወይም ካሜራ ለ። ካርዱን ከነ«ፕራይቬት» ፎልደሩ እንዳለ ነው የምገለብጠው፤ ክሊፕ መርጬ አልጎትትም። ሲያልቅ ሁለቱም ጋ ፕሮፐርቲስ ከፍቼ የፋይሉን ብዛትና መጠን አስተያያለሁ። ከዚያ ወደ ሃርድ ዲስኩ ሁለተኛ ኮፒ። ካሜራማኑ ካርዱን ፎርማት የሚያደርገው እኔ «ፎርማት» የሚል ቴክስት ስልክለት ብቻ ነው። ሳልልክ ከረሳሁ አዲስ ካርድ ይግዛ፤ ተስማምተናል።

ፕሮክሲ፦ ዋናው ነገር

ላፕቶፑን የሚያስጨንቀው የፋይሉ ትልቅነት ይመስላችኋል። አይደለም፤ የፋይሉ አጻጻፍ ነው። የዕድር መዝገብ አስቡ። ጸሐፊው ጠቅላላ ድምሩን የሚጽፈው በወር አንዴ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው «ገባ 200፣ ወጣ 50» ብቻ ነው። በ23ኛው ቀን ካዝናው ውስጥ ስንት ነበር ብትሉት ከወሩ መጀመሪያ ተነስቶ እየደመረ እየቀነሰ መምጣት አለበት። ካሜራው ኤች.264 በሚባለው የመጭመቂያ ዘዴ የሚጽፈው ፋይልም እንዲሁ ነው። ሙሉ ምስል የሚቀመጠው በየግማሽ ሰከንዱ አካባቢ አንዴ ነው። በመካከል ያሉት ፍሬሞች የተለወጠውን ብቻ ይይዛሉ። ለካርድ ቆጣቢ ነው። እናንተ ግን ታይምላይኑ (ክሊፖቹ የተደረደሩበት መስመር) ላይ ወዲያና ወዲህ በዘለላችሁ ቁጥር ላፕቶፑ ከመጀመሪያው ድምር ተነስቶ ይቆጥራል። ሁለት ካሜራ ጎን ለጎን ስትከፍቱ ሁለት መዝገብ በአንዴ።

ፕሮክሲ ማለት የዚያው ክሊፕ ትንሽ ኮፒ ነው፤ ግን እያንዳንዱ ፍሬም ላይ ድምሩ ተጽፎ ያለቀበት። የምትቆርጡት በእሱ ነው። ስትጨርሱ ሪዞልቭ ራሱ ወደ ዋናው ፋይል ይመለሳል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ፕሮጀክት ሴቲንግስ ገብታችሁ «ማስተር ሴቲንግስ» ውስጥ የፕሮክሲ ቦታ አለ። ሪዞሉሽኑን «ሃፍ» አድርጉት፤ ፎርኬው ወደ 1920 በ1080 ይወርዳል። ፎርማቱን ዊንዶውስ ላይ «ዲኤንኤክስኤችአር ኤልቢ»፣ ማክ ላይ «ፕሮሬስ ፕሮክሲ» ምረጡ። የሚቀመጥበትን ፎልደርም እዚያው ንገሩት፤ ካልነገራችሁት የት እንዳስቀመጠው ስትፈልጉ ትውላላችሁ። ከዚያ ሚዲያ ፑል ውስጥ ክሊፖቹን ሁሉ መርጣችሁ፣ በቀኝ ክሊክ «ጀነሬት ፕሮክሲ ሚዲያ»። በሰዓት 16 ጊጋባይት አካባቢ ይወስዳል፤ ለስምንት ሰዓት ቀረጻ 130 ገደማ። ሃፉ ከከበዳችሁ «ኳርተር» አድርጉት። ለመቁረጥ የሰው ፊት ከታየ ይበቃል።

ይህ ጊዜ ይፈልጋል። እኔ ሰኞ ማታ አስጀምሬው እራት በልቼ እተኛለሁ። ማክሰኞ ጠዋት «ፕሌይባክ» ከሚለው ሜኑ «ፕሮክሲ ሃንድሊንግ» ገብቼ «ፕሪፈር ፕሮክሲስ» እላለሁ። ያ የሚጎተት ላፕቶፕ እንደ ውሃ ይፈስሳል። ያ የመጀመሪያው ባለ ዩ ላፕቶፔም በፕሮክሲ ሁለት ዓመት አብልቶኛል፤ ይህን የሚነግረኝ ሰው ቀድሞ ቢኖር ኖሮ ገንዘቤን ለኤስኤስዲ አወጣ ነበር።

ቀለም ስትሠሩ ግን «ዲስኤብል ኦል ፕሮክሲስ» በሉና በዋናው ፋይል ሥሩ። መጨረሻ ላይ ስታወጡ ደግሞ «ዩዝ ፕሮክሲ ሚዲያ» የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት አለመኖሩን እዩ። ምልክቱ ካለ ለደንበኛው ፕሮክሲውን ነው የምትሰጡት።

25

ሪዞልቭ አዲስ ፕሮጀክት ሲከፍት በሰከንድ 24 ፍሬም ነው። ክሊፕ ስታስገቡ «ፍሬም ሬቱ ይለያል፣ ልቀይረው?» ብሎ ይጠይቃል። ሰው ሳያነብ «አትቀይር» ይለዋል፤ ከዚያ በኋላ ቁጥሩ ይቆለፋል። ፕሮጀክቱን ስትከፍቱ መጀመሪያ ሴቲንግስ ገብታችሁ 25 አድርጉት።

ለምን 25? የእኛ መብራት በሰከንድ 50 ጊዜ የሚመላለስ ነው። ካሜራው በ25 ወይም በ50 ፍሬም፣ ሻተሩ በ1/50 ከሆነ ከመብራቱ ጋር ይስማማል። አክስት ከአሜሪካ ያመጣችው ካሜራ ግን ብዙ ጊዜ «ኤንቲኤስሲ» በሚባለው የአሜሪካ አቆጣጠር ላይ ተቀምጦ ነው የሚመጣው፣ 30 እና 60 ፍሬም። አዳራሽ ውስጥ ምስሉ ላይ ጥቁር መስመር ሲንሳፈፍ ካያችሁ ምክንያቱ ይህ ነው። ካሜራማናችሁ ሜኑ ገብቶ ወደ «ፓል» (25 እና 50) ይቀይረው። አንዳንዱ ካሜራ ይህን ሲቀይር ካርዱን ፎርማት ስለሚጠይቅ ባዶ ካርድ ላይ ይሁን።

ሙቀትና መብራት

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ስስ ነው። ማራገቢያው በአንድ ዙር የሚገፋው አየር ከዱባይ ያነሰ ነው፤ ስለዚህ ሽክርክሩን ማገዝ አለብን። የእኔ መፍትሔ ሁለት ቆርኪ ነው። የላፕቶፑ የኋላ እግሮች ሥር አንድ አንድ ቆርኪ አስቀምጣለሁ። ከሥር አየር ይገባል፣ ጩኸቱ በጆሮ ይቀንሳል። አልጋ ላይ፣ ብርድ ልብስ ላይ ሬንደር ማድረግ ግን ማሽኑን በትራስ ማፈን ነው። በየስድስት ወሩ አቧራውን አስጠርጉ። ሲከፈት ፕሮሰሰሩ ላይ ያለው ቅባት ደርቆ ከሆነ ይቀየር።

መብራት ሲሄድ ላፕቶፕ ከዴስክቶፕ የሚሻልበት ቀን ነው። ሥራችሁ አይጠፋም። ግን ባትሪ ላይ ግራፊክስ ካርዱ ኃይሉን ስለሚቀንስ ሬንደር አታስጀምሩ፤ ቁረጡ፣ ድምፅ አስተካክሉ፣ ጽሑፍ ጻፉ። ግድግዳ ላይ የሚሰካ ትልቁ ሃርድ ዲስክ ላይ እየሠራችሁ ከሆነ መብራቱ ሲሄድ ዲስኩም አብሮ ይሞታል፤ ፋይልም ይዞ ሊሄድ ይችላል። ከላፕቶፑ ኃይል የሚወስድ ዲስክ የምወደው ለዚህ ነው። መብራት ሲመጣ ደግሞ ቻርጀሩን ወዲያው አትሰኩ። እኔ «መጣ!» የሚለው የጎረቤት ልጆች ጩኸት ካለፈ በኋላ አምስት ደቂቃ እጠብቃለሁ። ሲመለስ የሚመጣው ግፊት አንድ ዲቫይደር አቃጥሎብኛል።

ሪዞልቭ ውስጥ ፕሪፈረንስስ ገብታችሁ «ላይቭ ሴቭ»ንም፣ «ፕሮጀክት ባክአፕስ»ንም አብሩ። ሁለት ሰከንድ ነው።

መቁረጥ

ብዙ የምለው የለኝም፤ ይህ የእጅ ነገር ነው። ሁለቱን ካሜራ በድምፅ አቀናጁ፦ ክሊፖቹን መርጣችሁ አዲስ መልቲካም ስትሠሩ «አንግል ሲንክ» የሚለውን «ሳውንድ» አድርጉት፤ ከበሮው ራሱ ያገጣጥማቸዋል። ከዚያ በጄ፣ በኬና በኤል ቁልፎች እየሮጣችሁ እዩ። መጀመሪያ ጥሩ ጥሩውን ለቅማችሁ አውጡ፣ ከዚያ አሳጥሩ። አጭሩን ፕሮሞ በመጨረሻ ሥሩት፤ ሁሉንም ካያችሁ በኋላ እንጂ ሳታዩ አይሠራም።

ድምፅ

ሰው ደብዛዛ ምስል ይታገሣል። የአባቱ ምርቃት ካልተሰማው አይታገሥም።

ሽማግሌው ሲመርቁ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነው። «ውለዱ ክበዱ» ይላሉ በቀስታ፤ ከዚያ ሰባ ሰው ባንዴ «አሜን!»። ሁሉንም እኩል ብታነሱት አሜኑ ጆሮ ይበጥሳል። ሁሉንም ብትቀንሱት ምርቃቱ ይጠፋል። አቋራጭ የለውም፦ በእያንዳንዱ አሜን ዙሪያ የክሊፑ የድምፅ መጠን መስመር ላይ አራት ነጥብ እተክላለሁ፤ ሁለት ከፊት፣ ሁለት ከኋላ፣ መካከሉን ወደ ታች እጎትታለሁ። ሃያ አሜን፣ ሰማንያ ነጥብ። አንድ ሰዓት ይወስዳል። እኔ ከሥራው ሁሉ የምወደው ሰዓት ነው፤ አንዳንዱ ምርቃት ለእኔም የሚደርሰኝ ይመስለኛል።

እልልታ ሌላ ጉዳይ ነው። ቀጭንና ስለታም ስለሆነ ሜትሩን ቀይ ያስመታል። ዋናው ትራክ ላይ ሊሚተር (ድምፁ ከተወሰነ ከፍታ እንዳያልፍ የሚገታ) አድርጉና -1 ዴሲቤል ላይ አቁሙት። ሲቀረጽ የተሰነጠቀ እልልታ ግን አይጠገንም፤ ከሁለቱ ካሜራ ራቅ ብሎ የነበረውን ድምፅ ተጠቀሙ። ይህን ሁሉ በሄድፎን አድርጉ። የላፕቶፕ ስፒከር ከበሮውን ስለማያሰማችሁ ያልሆነ ነገር ትጨምራላችሁ።

ቀለም

የሐበሻ ሰርግ ለቀለም ፈተና ነው። ነጭ ቀሚስ፣ ነጭ ነጠላ፣ ወርቅ የተጠለፈበት ካባ፣ መካከል ላይ ጠይም ፊት። ካሜራው ነጩን ሲያይ ፊቱን ያጠቁራል። ፊቱን ሲከተል ጥበቡ ይጠፋል፣ ቀሚሱ የታጠበ አንሶላ ይመስላል።

የላፕቶፕ ስክሪን ዓይን ያታልላል፤ ርካሾቹ ደግሞ ቀለም በግማሽ ነው የሚያሳዩት። ስለዚህ በስኮፕ፣ የምስሉን ብርሃንና ቀለም በግራፍ በሚያሳየው መለኪያ፣ እሠራለሁ። ሪዞልቭ ውስጥ «ዌቭፎርም» ከ0 እስከ 1023 ነው። ቀሚሱን 940 አካባቢ አቆመዋለሁ። «ሃይላይትስ»ን ቀስ እያልኩ ወደ ታች ስጎትት የጥበቡ ጥለት ብቅ ማለት ይጀምራል። እዚያ አቁሙ፤ ከዚያ ካለፈ ነጩ ግራጫ ይሆናል። ሲቀረጽ ተቃጥሎ ከሆነ የሚወጣ ጥለት የለም፤ አትድከሙ። ከዚያ በአዲስ ኖድ (ለብቻው የሚቀመጥ የቀለም ማስተካከያ) ፊቱ ላይ ክብ «ፓወር ዊንዶው» አሳርፋለሁ፣ ጠርዙን አለሰልሳለሁ፣ ትራክ አስደርገዋለሁ፣ ውስጡን ትንሽ አነሳለሁ።

ለፊት ቀለም «ቬክተርስኮፕ» ላይ የቆዳ መስመሩን አብሩት። ጠይምም ሁኑ ቀይ ዳማ ወይም ጥቁር መስመሩ አንድ ነው፤ የሚለየው ብርሃኑ ነው። የአዳራሹ ወይን ጠጅ መብራት ፊቱን ከመስመሩ ጎትቶ ሲወስደው በዓይናችሁ ታያላችሁ። ብዙ ቤተሰብ «ልጅቷን ቀላ አድርጊያት» ይላል። አላደርገውም። ጠይሟን ልጅ ጠይም አድርጌ፣ ብርሃን ጨምሬ ስሰጣቸው እስካሁን የመለሰልኝ የለም።

አንድ ማስጠንቀቂያ ከራሴ። አንድ መልስ ሙሉውን ማታ ማታ ሠርቼ አስረከብኩ። በነጋታው ሙሽራው ደውሎ «ለምንድን ነው ሁላችንም የበረደን የምንመስለው?» አለኝ። የላፕቶፑ «ናይት ላይት» በርቶ ነበር። ስክሪኑ ብርቱካናማ ሲሆንብኝ እኔ ሰማያዊ እየጨመርኩ አስተካከልኩት። ቀለም ከመንካታችሁ በፊት ናይት ላይትን አጥፉ፣ የስክሪኑን ብርሃን አንድ ቦታ አቁሙ፣ መስኮቱን ሸፍኑ።

ስም

አማርኛ ስትጽፉ ሳጥን ሳጥን ብቻ ከመጣ ችግሩ ፎንቱ ነው፤ የግዕዝ ፊደል የሌለው ፎንት ተመርጧል። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ ኤስአይኤል በነፃ ይገኛሉ። የዊንዶውሱ ኒያላም ይሠራል። ስሙን ግን በጆሮ አትጻፉ። ፀሐይ በየትኛው ፀ ነው? ኃይሉ በየትኛው ኃ ነው? የጥሪ ካርዱን ፎቶ አስልካችሁ ከእሱ ገልብጡ። አያት የሚቀየሙት በዚህ ነው።

ማስረከብ

ለዩቲዩብ ፎርኬውን በኤች.264፣ ከ35 እስከ 45 ሜጋቢት አወጣለሁ። ውጭ ያሉ ዘመዶች የሚያዩት ይህን ነው። ታዋቂ ዘፈን ካለበት ዩቲዩብ የባለመብቱን ጥያቄ ሊያነሳበት እንደሚችል ለቤተሰቡ ቀድሜ እነግራለሁ። በቴሌግራም ለመላክ የሚፈልግ ካለ በነፃው አካውንት አንድ ፋይል ከ2 ጊጋ መብለጥ አይችልም።

ሙሉው ሰርግ ግን ዛሬም በፍላሽ ነው የሚሰጠው። እዚህ ላይ የቲቪውን ዕድሜ አስቡ። ብዙ የቆየ ቲቪ አዲሱን ኤች.265 አያነብም፤ በኤክስፋት ፎርማት የተደረገ ፍላሽም የማያነብ አለ። ፋት32 ሁሉም ያነባል፣ ግን አንድ ፋይል ከ4 ጊጋ መብለጥ አይችልም። ስለዚህ 1080፣ ኤች.264፣ 8 ሜጋቢት። በዚህ መጠን አንድ ሰዓት ከነድምፁ 3.7 ጊጋ አካባቢ ስለሚሆን ይገባል። የሦስት ሰዓቱን ሰርግ ሦስት ቦታ እከፍለዋለሁ፦ ቤትና ቤተ ክርስቲያን፣ አዳራሽ፣ መልስ። መብራት መካከል ላይ ቢሄድም ዳግም ሬንደር የማደርገው አንዱን ክፍል ብቻ ነው።

ከዚያ ፍላሹን ይዤ ግቢውን አቋርጬ እናቴ ሳሎን እገባለሁ። የእሷ ቲቪ ከማውቃቸው ሁሉ አሮጌው ነው፤ እሱ ካነበበው የማያነብ የለም። ሰክቼ ቡና እስኪፈላ እቀመጣለሁ። እሷ ነጠላዋን አስተካክላ ታያለች፣ የማታውቃቸውን ሰዎች። ምርቃቱ ላይ አሜን ካለች ድምፁ ደህና ነው። «ይቺ ጥበቧ ያማረው የማን ልጅ ናት?» ካለች ቀለሙም ደህና ነው። ፍላሹን ነቅዬ ለሙሽራው እደውላለሁ።